ክሪስቶፈር ስትሬቺና የሁለቱ የፕሮግራም መንገዶች መገናኛ

የኮምፒዩተር ፕሮግራም በሚጽፉ ባለሙያዎች መካከል ብዙ ዘመን የቆየ ክርክር አለ። አንደኛው ወገን ፕሮግራም የሂሳብ ፈንክሽኖች ስብስብ ነው ይላል፤ ለአንድ ጥያቄ ዘወትር አንድ መልስ የሚሰጥ፣ ያለፈውን የማያስታውስ፣ ምንም ነገር የማይለውጥ መሆን አለበት ብሎ ያምናል። ሌላው ወገን ደግሞ ፕሮግራም የኦብጀክቶች ማኅበር ነው ይላል፤ እያንዳንዱ ኦብጀክት የራሱን ንብረት በውስጡ ሰውሮ ይይዛል፣ መልእክት ሲደርሰውም ሁኔታውን እየለወጠ ይኖራል። በአገራችንም ወጣት ባልደረቦቻችን ለአንድ ሥራ ቋንቋ ሲመርጡ ወይም ለተማሪዎች ትምህርት ሲያዘጋጁ ይኸው ክርክር መነሣቱ አይቀርም።

የመጽሔታችን አዘጋጆች በዚህ ጉዳይ ላይ እንድጽፍ በጠየቁኝ ጊዜ፣ ቋንቋዎቹን አንድ በአንድ ከማወዳደር ይልቅ የአንድ ሰው የሕይወት ታሪክ ማቅረብን መረጥሁ። ሰውየው እንግሊዛዊው የኮምፒዩተር ሊቅ ክሪስቶፈር ስትሬቺ ነው። ሁለቱን መንገዶች ያዋሐደ ቋንቋ ሠርቶ ያለፈ ሰው አይደለም፤ እንዲያውም ብዙ የደከመበት ቋንቋ ሳይጠናቀቅ ቀርቷል። ሆኖም ሁለቱ መንገዶች የሚገናኙበትን ቦታ ጥርት አድርገው ካሳዩት ሰዎች አንዱ እርሱ ነው። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ወደ ታሪኩ ከመግባቴ በፊት ነገሩን ለማስረዳት ከአገሬ ምሳሌ ልውሰድ። ያደግሁት ከመቅደላ አምባ በስተደቡብ ምዕራብ፣ በመካነ ሰላም አካባቢ ነው። በዚያ ደጋ ወፍጮ የማያውቅ ልጅ የለም። ወፍጮ ስንዴ ቢያስገቡበት የስንዴ ዱቄት፣ ገብስ ቢያስገቡበት የገብስ ዱቄት ይሰጣል፤ ትናንት የማንን እህል እንደ ፈጨ ዛሬ አያስታውስም። ፈንክሽን እንደዚህ ነው። መቅደላ ደግሞ ዙሪያው ገደል የሆነ አምባ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ ግምጃ ቤታቸውን፣ መጻሕፍታቸውንና እስረኞቻቸውን ያኖሩበት፣ ሰውም በታወቁት በሮች እንጂ በሌላ የማይገባበት ስፍራ ነበር። በውስጡ ያለው ንብረት ከቀን ወደ ቀን ይጨምራል፣ ይቀንሳል፤ ከውጭ የቆመ ሰው ግን በበሩ የሚገባውንና የሚወጣውን ብቻ ያያል። ኦብጀክት እንደዚህ ነው። እንግዲህ ጥያቄው፣ ወፍጮና አምባ በአንድ ሥርዓት እንዴት ይኖራሉ የሚል ነው።

ልጅነቱና ትምህርቱ

ስትሬቺ ኖቬምበር 16 ቀን 1916 በለንደን ከተማ ሐምስቴድ በተባለው ሰፈር ተወለደ። ቤተሰቡ በእንግሊዝ አገር በሥነ ጽሑፍና በመንግሥት አገልግሎት የታወቀ ነበር። አባቱ ኦሊቨር ስትሬቺ በሁለቱም የዓለም ጦርነቶች የጠላትን ምስጢራዊ ጽሕፈት በመፍታት አገሩን ያገለገለ ሰው ነው። እናቱ ሬይ ስትሬቺ በካምብሪጅ ሂሳብ የተማረች፣ በኋላም ለሴቶች የመምረጥ መብት ከታገሉት አንዷ ሆና የትግሉን ታሪክ በመጽሐፍ ያቀረበች ናት። ታዋቂው የሕይወት ታሪክ ጸሐፊ ሊተን ስትሬቺ አጎቱ ነበር።

ከእንዲህ ያለ ቤት የወጣ ልጅ ገና ከጅምሩ በትምህርቱ ጎልቶ ይታያል ተብሎ ይጠበቅ ይሆናል። የሆነው ግን ሌላ ነው። በ1935 ካምብሪጅ ወደሚገኘው ኪንግስ ኮሌጅ ገብቶ ሂሳብና የተፈጥሮ ሳይንስ ሲያጠና፣ በሦስተኛው ዓመት በመንፈስ ጭንቀት ታሞ ትምህርቱን ለማቋረጥ ተገደደ። ተመልሶ በ1939 ሲጨርስ ያገኘው ውጤት መካከለኛ ነበር፤ ወደ ምርምር ሥራ የሚያስገባም አልሆነለትም። የጦርነቱን ዘመን በአንድ የቴሌፎንና የኬብል ኩባንያ ውስጥ በሬዲዮ ቫልቮች ጥናት ላይ አሳለፈ። ስሌቱ ከእጅ አቅም በላይ በሆነበት ጊዜ ዲፈረንሺያል አናላይዘር በተባለው የስሌት መሣሪያ መጠቀም ግድ ሆነበት፤ በመሣሪያ የማስላት ፍላጎቱም በዚያ ተቀሰቀሰ።

ጦርነቱ ሲያበቃ፣ በ1945፣ በካንተርበሪ ከተማ በሚገኝ ትምህርት ቤት የፊዚክስና የሂሳብ መምህር ሆነ። በ1949 ወደ ሃሮው ትምህርት ቤት ተዛወረ። ዕድሜው ሠላሳ አራት ዓመት እስኪሞላ ድረስ ጠመኔ ይዞ ልጆች ከማስተማር በቀር በኮምፒዩተር ዓለም የሚያስጠራው አንድም ሥራ አልነበረውም። በየወረዳው ትምህርት ቤት የሚያስተምሩ ባልደረቦቻችን ይህን ልብ ቢሉት እወዳለሁ።

ከዳማ እስከ ወንዝ

በ1951 መጀመሪያ ላይ አንድ ወዳጁ የእንግሊዝ ብሔራዊ የፊዚክስ ላቦራቶሪ ከሠራው ፓይለት ኤስ ከተባለው ኮምፒዩተር ጋር አስተዋወቀው። ስትሬቺ ከማስተማር በሚተርፈው ጊዜ ዳማ የሚጫወት ፕሮግራም ይጽፍ ጀመር። ፕሮግራሙ ግን ለመሣሪያው ሜሞሪ ከልክ ያለፈ ሆነ። በማንቸስተር ዩኒቨርሲቲ ሰፊ ሜሞሪ ያለው መሣሪያ መኖሩን ሰምቶ፣ በኪንግስ ኮሌጅ ሳለ ያውቀው ለነበረው ለአለን ቱሪንግ ጻፈለትና የመሣሪያውን መመሪያ አገኘ። ማንቸስተር ሄዶም ከአንድ ሺህ በላይ ትእዛዞች ያሉበትን ፕሮግራም በአንድ ሌሊት አርሞ አስኬደ፤ በመጨረሻውም መሣሪያው የእንግሊዝን ብሔራዊ መዝሙር በድምፅ ማሰሚያው አሰማ። ያን ጊዜ በዚያ መሣሪያ ላይ እንዲህ ያለ ረጅም ፕሮግራም የጻፈ አልነበረም። የዳማው ፕሮግራም በ1952 በጋ ላይ ሙሉ ጨዋታ ለመጫወት በቃ።

የዚያች ሌሊት ወሬ የሕይወቱን መንገድ ለወጠው። በ1952 ብሔራዊ የምርምር ልማት ኮርፖሬሽን ከማስተማር አውጥቶ በሥራ አስገባው። ከመጀመሪያዎቹ ተግባሮቹ አንዱ ለእኛ ለመሐንዲሶች ቅርብ ነው፤ ካናዳና አሜሪካ በቅዱስ ሎረንስ ወንዝ ላይ ሊያሠሩት ላሰቡት የመርከብ መተላለፊያ የውኃውን አካሄድ በቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ በነበረው ኮምፒዩተር አሰላ። ከዚያም ተመልሶ ፔጋሰስ የተባለውን ኮምፒዩተር ከነደፉት ሰዎች መካከል ሆነ። በ1959 ዩኔስኮ በፓሪስ ባደረገው ጉባኤ ላይ አንድ ፈጣን ኮምፒዩተር ጊዜውን ለብዙ ሥራዎች ከፋፍሎ እንዴት ሊያገለግል እንደሚችል የሚያሳይ ጽሑፍ አቀረበ። በዚያው ዓመት ከኮርፖሬሽኑ ወጥቶ በግሉ አማካሪ ሆነ።

እስከዚህ ድረስ የተረክሁት የአንድ ጎበዝ ፕሮግራመር ታሪክ ነው። ሌሎች ፕሮግራሙ ሠራ ወይስ አልሠራም ብለው ሲጠይቁ፣ ስትሬቺ ግን ፕሮግራሙ ምን ማለት ነው ብሎ መጠየቅ ጀመረ። ከሌሎቹ የለየውም ይኸው ጥያቄ ነው።

ሳይጠናቀቅ የቀረው ቋንቋ

በ1960 ፒተር ላንዲን የተባለ ወጣት ረዳት አድርጎ ቀጠረ። ላንዲን የሚሠራው ለአንድ ኮምፒዩተር የፕሮግራም መተርጎሚያ ለማዘጋጀት ነበር፤ ስትሬቺ ግን በደመወዙ ላይ ሳለ የፕሮግራም ቋንቋዎችን መሠረት እንዲያጠና ፈቀደለት። ላንዲንም አሜሪካዊው አሎንዞ ቸርች በ1930ዎቹ የፈጠረውን ላምዳ ካልኩለስ የተባለ የፈንክሽን ሂሳብ ወስዶ ለፕሮግራም ቋንቋዎች መመርመሪያ አደረገው። በ1964 ባወጣው ጽሑፍ፣ አንድ ፈንክሽን በተፈጠረበት ስፍራ የነበሩትን ስሞችና ዋጋዎቻቸውን ይዞ እንደሚዞር አሳየ። በቤት ውስጥ ያየውን ሳይረሳ ወደ ገበያ እንደሚሄድ መልእክተኛ ማለት ነው። ይህ ሐሳብ ወደ በኋላ የሚያስፈልገን ስለ ሆነ አንባቢ እንዲይዘው እለምናለሁ።

ስትሬቺ ራሱ በ1962 ወደ ካምብሪጅ የሂሳብ ላቦራቶሪ ተመልሶ ሲፒኤል በተባለው ቋንቋ ንድፍ ላይ ተሰማራ። ቋንቋው በመጀመሪያ ለካምብሪጅ የታሰበ ነበር፤ የለንደን ዩኒቨርሲቲ ሰዎች ሲጨመሩ የተዋሐደ ቋንቋ ተባለ። የንድፉ ዓላማ ከፍ ያለ ነው፤ ፈንክሽን እንደ ቁጥር ሁሉ የሚሰጥበትና የሚቀበሉበት፣ በሌላ በኩልም ሜሞሪን የሚለውጡ ትእዛዞች በሥርዓት የሚገኙበት ቋንቋ ለማድረግ ነበር። በ1963 የቋንቋው ዋና ዋና ባሕርያት ታትመው ወጡ።

ሥራው ግን አልተጠናቀቀም። ቋንቋው ሰፊ ሆነ፣ በዘመኑ የነበሩት መሣሪያዎች አልቻሉትም፣ የንድፉ ዝርዝርም በየጊዜው ይለዋወጥ ነበር። ሙሉው ሲፒኤል በሥራ ላይ ሳይውል ቀረ። ማርቲን ሪቻርድስ ከእርሱ ጥቂቱን ቆርጦ ቢሲፒኤል የተባለ ትንሽ ቋንቋ ሠራ፤ ከቢሲፒኤል ቢ የተባለው፣ ከቢም በ1970ዎቹ መጀመሪያ ዓለምን ያዳረሰው ሲ ተወለደ። በዚህ የዘር ሐረግ ውስጥ ትእዛዞቹ ሲወረሱ፣ ስትሬቺ አብዝቶ የሚወደው የፈንክሽን ሀብት ግን በአብዛኛው በመንገድ ላይ ቀረ። ሁለቱን መንገዶች በአንድ ቋንቋ ለማኖር የሚነሣ ሁሉ ይህን ታሪክ ሊያስብ ይገባዋል፤ መልካም ነገርን ሁሉ ከሰበሰበ ግዙፍ ንድፍ ይልቅ ተቆርጦ የተጠናቀቀው ትንሹ ዘር አፍርቷልና።

ቦታ ማለት ሁለት ፈንክሽን ነው

በ1965 በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ የፕሮግራም ምርምር ቡድን ተቋቁሞ ስትሬቺ መሪው ሆነ። በ1967 በጋ ወደ ኮፐንሃገን ተጋብዞ በፕሮግራም ቋንቋዎች መሠረታዊ ጽንሰ ሐሳቦች ላይ ትምህርት ሰጠ። የዚያ ትምህርት ማስታወሻ ለብዙ ዓመታት ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ቆይቶ በመጽሔት የታተመው በ2000 ነው።

የትምህርቱ መነሻ ቀላል ይመስላል። ፕሮግራም የጀመረ ሰው ሁሉ ሀ ማለት ሀ ሲደመር አንድ ይሁን ብሎ ይጽፋል። ለሂሳብ መምህር ይህ እብደት ነው፤ ቁጥር ራሱ ሲደመር አንድ ሊሆን አይችልምና። ስትሬቺ የተናገረው፣ በግራና በቀኝ ያለው ሀ አንድ ነገር አይደለም የሚል ነው። በቀኝ ያለው በጎተራው ውስጥ ያለው እህል ነው፤ በግራ ያለው ጎተራው ራሱ ነው። ስለዚህ ለአንድ ስም ሁለት ዋጋ አለው፤ አንዱን የግራ ዋጋ፣ ሌላውን የቀኝ ዋጋ አለው።

ከዚህ አንድ እርምጃ አልፎ ጎተራ ራሱ ምንድን ነው ብሎ ጠየቀ። መልሱም፣ ጎተራ በሁለት ፈንክሽኖች ሊገለጽ ይችላል የሚል ነው፤ አንደኛው ያለውን የሚያነብ፣ ሁለተኛው አዲሱን የሚያስገባ። በምሳሌ ልግለጸው። የአንድ የእህል መጋዘን መዝገብ በኩንታል ይያዛል እንበል፤ ገበሬው ግን የሚናገረው በኪሎ ግራም ነው። በበሩ ላይ ሁለት ጸሐፊዎች ይቀመጣሉ። አንደኛው ሲጠየቅ በመዝገቡ ያለውን በ100 አባዝቶ ይናገራል፤ ሌላው የመጣለትን በ100 አካፍሎ ያስገባል። ገበሬው መዝገቡ በምን እንደ ተያዘ ማወቅ አያስፈልገውም፤ ነገ መዝገቡ ቢለወጥ እንኳ ጸሐፊዎቹ በዚያው ቋንቋ እስከ መለሱለት ድረስ ሥራው አይናጋም።

ይህ እንግዲህ አምባው ነው። በውስጡ የሚለዋወጥ ንብረት አለ፣ በሮቹ ግን ወፍጮዎች ናቸው። ስትሬቺ ይህን ኦብጀክት ብሎ አልሰየመውም፤ ነገር ግን ከፈንክሽን ተነሥቶ ሲሄድ ኦብጀክት ደጃፍ ላይ ደርሷል። በዚያው በ1967 በኦስሎ የኖርዌይ ስሌት ማዕከል ክሪስተን ኒጎርና ኦሌ ዮሐን ዳል ሲሙላ 67 የተባለውን ቋንቋ አቀረቡ። እነርሱ የተነሡት በሌላ በኩል ነው፤ ወረፋን፣ ፋብሪካን፣ ትራፊክን በኮምፒዩተር ለማስመሰል ሲሉ ክላስንና ኦብጀክትን ፈጠሩ። ሁለቱ ወገኖች ከአንድ ተራራ በተለያየ ገጽ እየወጡ ነበር ማለት ይቻላል።

ስትሬቺ ከዚሁ ጋር አንድ ማስጠንቀቂያ አስተምሯል። ሁለት ስሞች አንድ ጎተራ ሊጋሩ ይችላሉ፤ በአንደኛው ስም የተደረገ ለውጥም በሌላው ይታያል። ፈንክሽን ብቻ ባለበት ዓለም ይህ ጉዳት የለውም፤ የሚለወጥ ነገር የለምና። ለውጥና መጋራት ሲገናኙ ግን ፕሮግራሙን ለማስተዋል ያስቸግራል።

እኔ ይህን የተማርሁት ከመጽሐፍ ሳይሆን ከስሕተቴ ነው። ከዓመታት በፊት ወደ ዓባይ ሸለቆ ለሚወርድ አንድ መንገድ የካልቨርቶችን ስፋት የሚያሰላ ፕሮግራም ጽፌ ነበር። የዝናቡ ሠንጠረዥ ለተፋሰሱ ስፋት ተገቢ እንዲሆን በ0.8 መባዛት ነበረበት። እኔም ማባዣውን ሠንጠረዡን በቦታው እንዲለውጥ አድርጌ ጻፍሁት፤ ለሁለተኛውም ተፋሰስ ያንኑ ሠንጠረዥ በሌላ ስም ሰጠሁት። ስሞቹ ሁለት፣ ጎተራው አንድ ስለ ነበር የሁለተኛው ተፋሰስ ዝናብ ሁለት ጊዜ ተባዝቶ 0.64 ሆነ። ፕሮግራሙ አልቆመም፣ ስሕተት አለ ብሎም አልተናገረም፤ የሚበቃ ያልሆነ ካልቨርት ብቻ በቁጥር አሳምሮ አወጣ። ሥራው ከመጀመሩ በፊት አንድ አንጋፋ ባልደረባችን በእርሳስና በወረቀት አስልቶ ባያገኘው ኖሮ፣ በክረምት ጎርፍ የሚፈርሰው መንገድ የእኔ ነበር። ከዚያ ወዲህ ስሌትን ሁሉ በወፍጮ፣ መዝገብን ብቻ በአምባ ማድረግን ልማድ አድርጌአለሁ።

በኮፐንሃገን ከተሰጡት ሐሳቦች ሌላው፣ አንድ ፈንክሽን ለብዙ ዓይነት ነገሮች ስለሚያገለግልበት አኳኋን ነው። የመደመር ምልክት ለሙሉ ቁጥርም ለአሥርዮሽም ይሠራል፤ ነገር ግን መሣሪያው በውስጡ ለእያንዳንዱ የተለየ ሥራ ይሠራል። የዝርዝርን ርዝመት የሚቆጥር ፈንክሽን ግን በዝርዝሩ ውስጥ ያለው ቁጥርም ሆነ ስም፣ በጎችም ሆኑ ፍየሎች፣ ሥራው አንድ ነው። ስትሬቺ እነዚህን ሁለቱን ለያይቶ ሰየማቸው፤ ስያሜዎቹም እስከ ዛሬ ያገለግላሉ።

ትርጉምን በሂሳብ መጻፍ

ስትሬቺ ከዚህ ሁሉ በኋላ አንድ ዕዳ ነበረበት። ትእዛዝ ማለት አንድን የሜሞሪ ሁኔታ ተቀብሎ ሌላ የሜሞሪ ሁኔታ የሚሰጥ ፈንክሽን ነው ብሏል። በዚህ አነጋገር የሚለዋወጠው ዓለም ሁሉ በማይለዋወጥ ሂሳብ ሊጻፍ ይችላል። ነገር ግን በሜሞሪ ውስጥ ፈንክሽኖች ራሳቸው ሊቀመጡ ይችላሉ፤ እነዚያም ፈንክሽኖች ሜሞሪን ይቀበላሉ። ወፍጮው ራሱን እንደ መፍጨት ያለ ነገር ሆነ። በተለመደው የስብስብ ሂሳብ መሠረት የፈንክሽኖች ብዛት ከተቀባዮቹ ብዛት ስለሚበልጥ፣ እንዲህ ያለ ስብስብ ሊኖር አይችልም።

በ1969 አሜሪካዊው የሎጂክ ሊቅ ዴና ስኮት ወደ ኦክስፎርድ መጥቶ ከስትሬቺ ጋር ሠራ። ስኮት በመጀመሪያ የሥራው መሠረት ባዶ መሆኑን ሊያሳምነው ሞከረ፤ በዚያው ዓመት መጨረሻ ግን መፍትሔውን ራሱ አገኘው። ፈንክሽኖችን ሁሉ ሳይሆን በስሌት ሊደረስባቸው የሚችሉትን ብቻ ከወሰድን ችግሩ ይፈታል። በ1971 ሁለቱ በጋራ ያወጡት ጽሑፍ የፕሮግራም ቋንቋዎችን ትርጉም በሂሳብ ለመጻፍ መሠረት ሆነ። በዚያው ዓመት ዩኒቨርሲቲው ስትሬቺን የስሌት ፕሮፌሰር አደረገው። መካከለኛ ውጤት ይዞ የወጣው ተማሪ ወንበር ተሰጠው።

በኦክስፎርድ ሳለ አጥብቆ የያዘው እምነት፣ የሚሠሩ ሰዎችና የሚያስቡ ሰዎች መለያየታቸው ለሁለቱም ጉዳት ነው የሚል ነበር። መሠረቱን የማያውቅ ሠሪ ስሕተቱን ይደጋግማል፤ ሥራ የማያውቅ አሳቢም ማንም ያልጠየቀውን ይመልሳል ብሎ ያምን ነበር። ከተማሪው ከሮበርት ሚልን ጋር በቋንቋዎች ትርጉም ላይ ሰፊ ጥናት ጻፈ፤ መጽሐፉን ግን ታትሞ አላየውም። በጉበት ሕመም ታሞ ሜይ 18 ቀን 1975 በሃምሳ ስምንት ዓመቱ ዐረፈ። መጽሐፉ በ1976 ወጣ።

ከእርሱ በኋላ

በሞተበት በዚያው ዓመት የጥያቄው መልስ ከሁለት ስፍራ መጣ። በአሜሪካ ኤም አይ ቲ ጄራልድ ሳስማንና ጋይ ስቲል መልእክት እየተቀባበሉ የሚሠሩ አካላትን ለመረዳት ሲሉ ስኪም የተባለ ትንሽ ቋንቋ ሠሩ። ለአካላቱ አንድ፣ ለፈንክሽኖች ሌላ የማስኬጃ ፕሮግራም ጻፉ። ሲያስተያዩአቸው ሁለቱ አንድ ሆነው ተገኙ። ላንዲን ያሳየው፣ የተወለደበትን ስፍራ ይዞ የሚዞረው ፈንክሽንና መልእክት የሚቀበለው አካል በመሣሪያው ዓይን ልዩነት አልነበራቸውም።

በዚያው በ1975 ጆን ሬይኖልድስ ግን ልዩነቱ ያለበትን ቦታ አሳየ። ይህን በፊደላችን ማስረዳት ይቻላል። የፊደል ገበታ ረድፍና ዓምድ አለው፤ ረድፉ ፊደሉ ነው፣ ዓምዱ ግእዝ፣ ካዕብ፣ ሣልስ እየተባለ የሚሄደው ቤት ነው። በግእዝ 26 ፊደላት በ7 ቤት 182 ይሆናሉ። ለአማርኛ ሸ፣ ቸ፣ ኘ፣ ኸ፣ ዠ፣ ጀ፣ ጨ ሲጨመሩ 33 በ7፣ 231 ሆኑ። አዲሱ ፊደል ሰባቱን መልኩን ይዞ ሲገባ ነባሮቹን አልነካቸውም። የኦብጀክት መንገድ ገበታውን በረድፍ ይጽፋል፤ አዲስ ዓይነት ነገር መጨመር ይቀለዋል። ነገር ግን ስምንተኛ ቤት እንጨምር ቢባል 33ቱንም ፊደላት አንድ በአንድ መክፈት ይኖርበታል። የፈንክሽን መንገድ ደግሞ ገበታውን በዓምድ ይጽፋል፤ አዲስ ቤት ማለት አንድ አዲስ ፈንክሽን ነው፤ አዲስ ፊደል ሲመጣ ግን የተጻፉት ፈንክሽኖች ሁሉ ይከፈታሉ።

ስለዚህ ክርክሩ የትኛው መንገድ እውነት ነው የሚል ሊሆን አይገባውም። የሚያድገው ረድፉ ነው ወይስ ዓምዱ ብሎ መጠየቅ ይሻላል። ፊሊፕ ዋድለር በ1998 ለዚህ ችግር ስም አውጥቶ ለቋንቋ ነዳፊዎች እንደ መፈተኛ አቀረበው። ሁለቱን መንገዶች የሚያዋሕዱ ቋንቋዎች የሚደክሙት በሁለቱም በኩል ማደግ እንዲቻል ነው።

ድካሙም ፍሬ ሰጥቷል። በ1996 ኦብጀክቲቭ ካምል በፈንክሽን ቋንቋ ላይ ኦብጀክትን አከለ። ማርቲን ኦደርስኪና ዋድለር በ1997 ፒዛ በተባለ ቋንቋ የፈንክሽንን ሀብት ወደ ጃቫ አመጡ፤ ስትሬቺ የለየው፣ ለማንኛውም ዓይነት ዝርዝር የሚሠራው ፈንክሽን በዚህ በር አልፎ በ2004 በራሱ በጃቫ ውስጥ ገባ። በዚያው ዓመት ኦደርስኪ በስዊዘርላንድ ሁለቱን መንገዶች ከመሠረቱ ያገናኘውን ስካላ የተባለ ቋንቋ አወጣ። ሲ ፕላስ ፕላስ በ2011፣ ጃቫ በ2014 የላምዳን ፈንክሽን ተቀበሉ። ዛሬ በመሥሪያ ቤት የሚሠራ ፕሮግራመር ሳያውቀውም ቢሆን በሁለቱም መንገድ ይሄዳል።

ውሕደቱ ግን ያለ ዋጋ አልመጣም። በሁለቱም መንገድ መሄድ የሚቻልበት ቋንቋ ሰፊ ነው፤ አንድን ነገር በብዙ ዓይነት መጻፍ ስለሚቻል የአንዱ ባልደረባ ፕሮግራም ለሌላው እንግዳ ሊሆን ይችላል። ይህ ሲፒኤልን ያሰናከለው ሸክም ነው። ስለዚህ ሁለቱንም ያቀፈ ቋንቋ የሚመርጥ ቡድን ስሌቱ የት እንዲሆን፣ የሚለወጠው መዝገብ የት እንዲቀመጥ፣ የትኛው ስም ከየትኛው ጋር ቦታ እንደሚጋራ አስቀድሞ በስምምነት መወሰን አለበት። ቋንቋው ሁለቱን መንገዶች ይፈቅዳል እንጂ ድንበራቸውን አይመርጥልንም።

የስትሬቺን ሕይወት ስንመለከት፣ ያተረፈልን ትልቁ ሀብት ያልተጠናቀቀው ቋንቋ ሳይሆን የጥያቄው ሥርዓት ነው። ሰዎች በሁለት ወገን ተሰልፈው ሲከራከሩ እርሱ ስም ምንድን ነው፣ ቦታ ምንድን ነው፣ ትእዛዝ ምንድን ነው ብሎ እንደ መምህር ከፊደል ጀመረ። እንዲህ ብሎ ከጀመረም በኋላ ጠላት መስለው የታዩት ሁለቱ ነገሮች አንዱ በሌላው ሊገለጹ እንደሚችሉ ታየ። በመካነ ሰላምም ሆነ በአዲስ አበባ፣ ለተማሪዎቻችን ቋንቋ ስናስተምር ከሰዋስዉ በፊት ይህን ጥያቄ ብናስቀድም፣ ነገ በወንዝ ላይ የሚሠሩት ካልቨርት ከእኔ ይልቅ አስተማማኝ ይሆናል።